የማንረግጠው ግቢ

ጥቅምት 4

ዳቦ ገዝቼ ተመለስሁ። እንደ ወትሮው ዞሬ።

በመኪና ማቆሚያው ግቢ ለሚያቋርጥ ሰው ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤታችን አፍታ ነው፤ እኛ ግን፣ እናታችን በልጅነታችን እጃችንን ይዛ እንዳስለመደችን፣ እሷንም እናቷ እንዳስለመደቻት፣ በግንቡ ዙሪያ ሄደን፣ የድንጋዩን ደረጃ ወርደን፣ በልብስ ሰፊው ደጅ አልፈን፣ ዝናብ ቢሆን ዝናቡን፣ ፀሐይ ቢሆን ፀሐዩን ችለን እንዞራለን። ከአስፋልቱ ሥር በባርነት ተይዘው ለዚህች ከተማ ድንጋይ ሲፈልጡ ያለቁ ሰዎች ተቀብረዋል። የእናታችን ቅድመ አያት ከነሱ አንዷ ናት። ይህን የማያውቅ የለም፤ የፍሳሽ ቦይ ሲቆፈር አጥንት ወጥቶ ከተማው ሁሉ አይቷል። አየና መልሶ አስፋልት አለበሰው።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ዛሬም ሐኪም ቤት አልሄደችም። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ካለ ከረመ። ሐኪም ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ታክሲም ቢሆን የሚያልፈው በዚያው ግቢ ነው። ልጇ እዚያው ነርስ ናት፤ ክኒኑን በቦርሳዋ እየያዘች ትመጣለች።

"እማዬ፣ ሙታን እኮ አይቆጡም።"

"አይቆጡም። እኔ ግን አፍራለሁ።"

ክኒን ጉልበት አያፍታታም... ነርሷ ሐኪሙ ራሱ ሳያያት ክረምቱ ከገባ ከአልጋዋ እንዳትቀር ትፈራለች። ለእሷ አልነገረችም፤ ለኔ ነገረችኝ።

ሻዩ ትኩስ ነበር። ዳቦውም። ተመስገን።

ጥቅምት 11

ጠጉሬን ልስተካከል ሄድሁ። የቀረኝን ማለቴ ነው።

ወሬው ሁሉ ስለ ባርነቱ ካሳ። የከተማው ምክር ቤት የቀረበለት ሐሳብ ሦስት ነገር ይዟል፦ ከተማው በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ለድንጋይ ፈላጮቹ ተወላጆች ልጆች የትምህርት ገንዘብ ይቋቋም፤ ግቢው ከመኪና ነጻ ወጥቶ እንደ መቃብር ይከበር።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አንሥቶ፣ "መምህር፣ አይቀየሙኝና... ላለፈ ክረምት ቤት ይሠራል እንዴ?"

"አይሠራም። ጣሪያው ዛሬም የሚያፈስ ከሆነስ?"

ወረፋ የያዘ አንድ መላጣ ሰው ከጋዜጣው ጀርባ፣ "ጣሪያውስ ይጠገን። እኔ መኪናዬን የት ላቁም?"

"አናትህ ላይ" አለው ፀጉር አስተካካዩ። "ሰፊ ነው።"

ሦስታችንም ሳቅን። ወደ ቤት ስመለስ አሰብሁ፤ እነዚህ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰው የሚያቆምበትን ቦታ ሲያጣ መጨነቁ እውነት ነው። የእናቱ መቃብር ላይ ሲቆምበት የሚጨነቀውስ? ይህን በምን ቋንቋ ብነግራቸው ይሰማሉ?

ጥቅምት 19

ተመረጥሁ!

ተወላጆቹ በአናጢው ሥራ ቤት፣ በፍቅፋቂው መካከል ተሰብስበን፣ በምክር ቤቱ ፊት ማን ይናገርልን ተባለ፤ አናጢው ገና እጁን ሳያወርድ፣ "ዕድሜውን በሙሉ ንግግር ያስተማረ ሰው እያለን ምን ያከራክረናል?" አለ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ዐይኔ ከመጽሐፍ ጋር በተጣላበት፣ ጆሮዬ የበሩን መጥሪያ መስማት በተወበት ጊዜ፣ ያለችኝን አንዲት ሙያ ለሚገባት ነገር እንዳውላት ዕድሉን ለሰጠኝ አምላክ ምን ብዬ ላመስግን?

እትዬ ስትሰማ፣ "እንግዲህ አፈ ጉባኤዬ፣ አደራ... ምሳ ሳይቀርብ ጨርስላቸው" አለች።

ጥቅምት 26

ንግግሩን አነበብሁላቸው። ሥራዬ ብዬ የምኮራበት ሆኗል፤ ከድንጋዩ ተነሥቶ፣ በፈላጮቹ ሕይወት አልፎ፣ ልጆቻቸው የተነፈጉትን እየዘረዘረ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ ጥያቄውን ከጉልላቱ ላይ እንደ መስታወት ኳስ ያኖራል።

ቀና ስል እትዬ ተኝታለች።

ነርሷ በስልኳ ሰዓት እየያዘች ነበር። "ጋሼ፣ በጣም ያምራል። ግን ጥያቄውን ፊት ቢያደርጉትስ? በምክር ቤቱ የሰዓት ደወል ቢቋረጡ..."

"ጥያቄን ፊት ማድረግ ልመና ነው፤ ምክንያቱን አስቀድሞ ጥያቄውን ማስከተል ግን ክርክር ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁት ይህን ነው።"

"እሺ። ደወሉ ግን የርስዎ ተማሪ አይደለም።"

እትዬ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ "ግቢው ላይ ደረሰ?"

"ገና ነው፣ እማዬ።"

"እንግዲያ ልተኛ።"

ትንሽ ከፋኝ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። እንዲህ የሚቀልዱብኝ ሁለት ሰዎች ባይኖሩኝ ምን እሆን ነበር?

ኅዳር 2

ጠበቃውን መንገድ ላይ አገኘሁት። የምክር ቤት አባል ነው፤ የካሳው ዋና ተቃዋሚ። የድንጋይ ማውጫው ባለቤቶች የነበሩት የእሱ ቅድመ አያቶች ናቸው፤ ያ ትልቁ ቤት ዛሬም መኖሪያው ነው። ለኔ ደግሞ ተማሪዬ ነበር። ጎበዝ። ረባሽ።

ቦርሳውን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ጨበጠኝ። "መምህር፣ አለቅልዎትም።"

"እንድትለቅልኝ አላስተማርሁህም።"

"እኔ ማንንም አልገረፍኩም። ማንንም አልሸጥኩም።"

"ማን ገረፍህ አለህ?"

"ታዲያ ከኔ ምን ትፈልጋላችሁ?"

መልሱ ምላሴ ላይ ነበረ። ግን በመንገድ ላይ አውጥቼ ንግግሬን ላቀልለው አልፈለግሁም። "ስብሰባው ላይ ትሰማለህ" ብዬ አለፍሁ። ሲያየኝ ቆየ። እሱ በግቢው አቋረጠ፤ እኔ ዞርሁ።

ኅዳር 9

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከኀፍረት? ከደስታ? አልለየሁትም።

እትዬን አናጢው ከነወንበሯ ተሸክሞ በፊት ለፊቱ ጎዳና ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ አመጣት። ለሐኪም ቤት ይህን እሺ ብላ አታውቅም፤ "ለራሴ ጉልበት ብዬ የሰው ጀርባ አልጭንም" ትላለች። ለዛሬ ብቻ ፈቀደች። ከፊት ወንበር፣ ምርኩዟን በጉልበቷ መካከል አቁማ ተቀመጠች።

ሰብሳቢዋ ደወሏን ከፊቷ አኑራ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ አምስት ደቂቃ ፈቀደች። ተነሣሁ። ይህ አዳራሽ የቆመበት ድንጋይ በማን ክንድ እንደ ተፈለጠ፣ ክንዱ ሲዝል በማን ጅራፍ እንደ ተቀሰቀሰ፣ ከፈላጮቹ አንድ እንኳ በደጁ ገብቶ ጥላው ሥር ሳያርፍ እንደ ሞተ፣ ልጆቻቸውም ነጻ ወጥታችኋል በተባሉ ጊዜ የሚያርሱት መሬት፣ የሚማሩበት ቤት፣ የሚያለቅሱበት መቃብር እንኳ ሳይሰጣቸው ባዶ እጃቸውን እንደ ተሸኙ እያልሁ፣ ድምፄ ሞቆ፣ ከግቢው በር ላይ ስደርስ...

ደወል።

"መምህር፣ ጊዜዎ አልቋል። እናመሰግናለን።"

"ጥያቄውን ገና..."

"አዝናለሁ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።"

ቆምሁ። አናጢው አንገቱን ደፋ። ነርሷ አላየችኝም፤ ይህን ምሕረት አልረሳላትም። ጌታዬ፣ አደራ የሰጡኝን ሰዎች ለንግግሬ ውበት ስል አሳፈርኋቸው... ሌላ ምን አስቤ ነበር ያን ጊዜ? እንጃ።

ጠበቃው ተነሣ። "ክብርት ሰብሳቢ፣ የኔን ጊዜ ለመምህር ሰጥቻለሁ።"

"እርስዎ ለመቃወም አይደለም የተመዘገቡት?"

"ነው። የሚጠይቁትን ሳልሰማ ግን ምኑን እቃወማለሁ? ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ነው የሚያቆዩት። ከዚህ በፊት ያለውን እኔም እስማማበታለሁ።"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋም።

ወረቀቴን አየሁ። ቀሪው ብዙ ነበር፤ ያማረም ነበር። ከዚያ እትዬን አየኋት። ወረቀቱን አጠፍሁት።

"እህቴ ሐኪም ቤት መሄድ ትፈልጋለች" አልሁ። "እናቶቿን በጎማ ሳትረግጥ። ግቢውን ስጡን።"

ተቀመጥሁ።

ጠበቃው ገና ቆሞ ነበር። "ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ብዙ ደቂቃ ተርፎልዎታል እኮ።"

"ይቅር። መልሼልሃለሁ።"

ስንወጣ እትዬ ከአናጢው ጀርባ ላይ ሆና፣ "ዛሬ አልተኛሁም" አለችኝ። የተሸለምሁት ሽልማት ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም።

ኅዳር 10

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ምንም አልተናገርሁም፤ ደስ ብሎኝ።

ኅዳር 23

ድምፅ ሰጡ።

ጠበቃው እንደ ዛተው አልለቀቀልንም። "ያላጠፋሁትን ጥፋት ይቅርታ ብጠይቅ ውሸታም እሆናለሁ" አለ፤ ደግሞም፣ "ከዚህ ከጀመርን የት ላይ እንቆማለን?" ብሎ ጠየቀ። ለመጀመሪያው አናጢው መልስ ነበረው፤ "የአያትህን ቤት ስትወርስ እኔ አልሠራሁትም ብለህ ትተኸዋል?" አለው። ሁለተኛውን ግን እስከ ቤት ይዤው ሄድሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የት እንደምንቆም ለማወቅ ግን መጀመሪያ መሄድ ያስፈልግ ይሆን?

ግቢው ተፈቀደልን። ይቅርታው በጠባብ ብልጫ አለፈ። የትምህርቱ ገንዘብ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ አናጢው ልጆች አሉት፤ ፊቱ ጠቆረ። አብሬው ጠቆርሁ። ሙሉ ደስታ አይደለም... ግን ደስታ ነው፤ ትናንት ምንም ያልነበረን ሰዎች ነን፤ ዛሬ የጎደለብንን የምንቆጥር ሆነናል።

ጠበቃው እጁን ከሚቃወሙት ጋር አነሣ። ሲወጣ በሩን ይዞ አሳለፈኝ። ሁለቱንም መዘገብሁለት።

እትዬ ወሬውን ስትሰማ፣ "ጫማዬን ማን ይጠርግልኛል?" አለች።

"ሥራው ገና አልተጀመረም፣ እማዬ።"

"ጫማው ግን ቆሽሿል።"

እኔ ጠረግሁላት።

ጥር 14

አስፋልቱን መንቀል ጀመሩ። በመስኮት ይሰማል። እትዬ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ ቡናማ ሻሏን ደርባ፣ ማሽኑ ሲጮኽ እያዳመጠች ትውላለች። ጆሮዋን እንዳያማት መስኮቱን ልዝጋ አልሁ።

"ተወው። ጆሮዬስ እስኪ አንድ ቀን ይብላ።"

ማታ እናታችንን አሰብሁ። ዝናብ ሲመታን፣ ካፖርቷን በሁለታችን ላይ ዘርግታ፣ በዚያ ደረጃ ስታወርደን... አንድ ቀን እትዬ አልቅሳ፣ "ሌሎቹ ልጆች እኮ በዚያ ያልፋሉ" አለቻት። እናታችን ምን መለሰች? "እነሱ ሰው የላቸውማ።" በዚያ ዕድሜዬ ሀብታም የሆንን መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አልተሳሳትሁም።

መጋቢት 7

ገባን።

ግንቡ እስከ ወገብ ዝቅ ብሏል። አትክልተኛው ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር፣ በመቃብሮቹ መካከል፣ ምርኩዝ የማያንሸራትት ጠባብ የእግር መንገድ ሠርቷል፤ ግራና ቀኙ ለጋ ሣር ነው። ስም የለም፤ ስማቸውን የጻፈ አልነበረም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ራስጌ አንድ ድንጋይ፣ ያው ራሳቸው የፈለጡት ዓይነት ድንጋይ፣ ቆሟል።

እትዬ በተጠረገው ጫማዋ በሩ ላይ ቆመች። ክንዴን ይዛለች። እግሯን አነሣች፤ መልሳ አወረደች። ዕድሜ ልክ የዞረ እግር እንዴት ባንድ ጊዜ ቀጥ ይበል?

ጠበቃው በግንቡ ጥግ ብቅ አለ። ቦርሳውን ይዞ፣ እያለከለከ፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ። መኪናውን ከሩቅ አቁሞ መምጣቱ ነው።

"መምህር፣ ይኸው እኔም በተራዬ ዞርኩ።"

"ይለመዳል" አለችው እትዬ።

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ና እንጂ። የተከለከለው መኪና ነው።"

"እኔ... እዚህ?"

"ከአንተ ሌላ ማን አለ?"

ጫማውን አየ። ድንጋዮቹን አየ። ቦርሳውን ከበሩ ውጭ አስቀመጠ፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። መጥቶ በሌላኛው ጎኗ ቆመና ክንዱን ሰጣት። እሷም ያዘችው።

ቀስ ብለን ሄድን። መካከል ላይ ቆማ አንዱን ድንጋይ በመዳፏ ነካችው፤ ማረፍ ስለ ፈለገች ይሁን ስለ ሌላ አልጠየቅናትም።

ማዶ፣ ከሐኪም ቤቱ ደጅ፣ ነርሷ በነጭ ጋውኗ ቆማ ትጠብቃለች። ለወትሮው ወሬ የማያልቅባት ልጅ አፏን በእጇ ይዛለች።

እናታችን፣ ዛሬ አልዞርንም።