ወደ ጉድጓዱ የተመለስኩበት ሳምንት

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሙቲንታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? የሉሳካው ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ስትይ ይወጋሻል? እኔ በሕይወት አለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ እንዳልልሽ ግን አንቺን መዋሸት አልችልበትም።

አብሮኝ የሚቆፍረው ሃቤንዙ የደረሰበትን ሳትሰሚ አልቀረሽም። አሥራ ሁለት ሜትር ከወረደ በኋላ የጉድጓዱ ግድግዳ ተደርምሶ እስከ ደረቱ ቀበረው። ገመዱን ከላይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። በሕይወት አወጣነው፤ እግሩ ግን ተሰበረ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የንሺማ ገንፎ ጠቅልዬ መጉረስ እንኳ አቃተኝ። ወባ ይዞኛል ብዬ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስድስት ቀን ተኛሁ።

በሰባተኛው ቀን ቢና ቺፖ መጡ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሴቶቹን የሚመሩት አሮጊት ናቸው። ግንባሬን ዳሰስ አደረጉና፣ «ይሄ ወባህ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው እንዴ የሚያንቀጠቅጥህ?» አሉኝ። አፍሬ እውነቱን አወጣሁ። «ሥራ እኮ የአዳም እርግማን ነው፤ እኔም ላይ ደረሰ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «መጽሐፉን ከመሃል ነው እንዴ የጀመርከው? አዳም ፍሬዋን ሳይቀምስ በፊት ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ ተሰጥቶታል። ሥራው ቀድሞ የመጣ ነው፤ እሾሁና መደበቁ ነው በኋላ የመጣው። ይኸው አንተም ተደብቀሃል! ጉድጓዱ ስላላለቀ ምራቴ ባለፈው ወር ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ ከአዞ አፍ ለጥቂት ነው የተረፈችው።»

ሰኞ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። እትዬ፣ ሰማዩ ከላዬ ሳህን አክሎ ጠበበ። ዶማዬን ሁለቴ እንዳነሳሁ ከጀርባዬ አፈር ሸርተት ሲል ሰማሁ። «አውጡኝ!» ብዬ ጮህኩ። የመንደሩ ሹም ወንድም፣ «ቆፋሪ ጠራን ስንል ጥንቸል ነው እንዴ የመጣልን!» ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ።

ከወጣሁ በኋላ፣ «ግድግዳው በጡብ ካልተያዘ አልወርድም» አልኩ። «እግዚአብሔር ሥራውን የሰጠኝ እንድሠራው እንጂ እንዲውጠኝ አይደለም።»

የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ቢና ቺፖ ግን መንደሩ ዳር ወዳለ አንድ የፈረሰ መጋዘን ሄዱና ሁለት ጡብ በራሳቸው ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። ቆይቶ ያ የሹሙ ወንድምም ተሸከመ።

ጥቂት ቆፍረን ጥቂት እየገነባን ትናንት ውሃ አገኘን። ቅዝቃዜው ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ እዚያው ታች ቆሜ አለቀስኩ።

ሥራውን ተው ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አልተውኩትም፤ ፍርሃቱም እኔን አልተወኝም። ነገ ከኮረብታው ማዶ ሌላ ጉድጓድ እጀምራለሁ፤ አፈሩ አሸዋ ነው ይላሉ። ስሚኝ፣ ጸልዪልኝ።

ለባለቤትሽ ለሃሞንጋ እጅ ነሥቻለሁ። ሉምባንና ታናሿን ሳሚልኝ። ለእማማም ሰላምታዬን አድርሺ፤ ደብዳቤውን ግን አታንብቢላት። ወፍጮ ቤት የምሠራ ነው የሚመስላት።

ወንድምሽ ሙንሳካ
ግዌምቤ ሸለቆ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.