የፈዘዙት ፊቶች

ሰኞ፣ ጥር 4

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጠዋት የመድኃኒት ካርቶን፣ ከሰዓት የሠርግ ጥሪ። ሙሽራው ፎቶውን በስልክ ነው የላከው። ከቴምብር አይበልጥም። "አሳድጊውና አሳምሪው" ይለኛል። ከየት አምጥቼ? የሌለን ነገር እንዴት አሳምራለሁ?

ባለቤቴ መጥቶ የመስታወቷን መስኮት አንኳኳ። የእኔን ክፍል ከእሱ ማሽን የምትለየው ያቺው መስኮት ናት። እኔ ሥዕሉ የሚወጣበትን ስስ ብረት፣ ፕሌቱን፣ አዘጋጃለሁ፣ እሱ በፕሌቱ ያትማል። የታተመውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጠፈው።

"ቀይ ቀለምሽ ጮኸብኝ።"

"የሚጮኸው አንተ ነህ።"

እራት ላይም ይሄንኑ ቀጠልን። ልጃችን "ደግሞ ጀመራችሁ" ብላ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ጋሼ ሰበሰቡን። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሲሰበስቡ ወይ ሰው ሊባረር ነው፣ ወይ ዕቃ ሊገዛ ነው። ዕቃ ነው። አዲስ ሶፍትዌር። ፋይል ይሰጡታል፣ ሥዕሉን ወደ ነጥብ በትኖ ለፕሌት ማውጫው ያስረክባል። ያለንም እኮ የሚሠራው ይሄንኑ ነው፣ ምንም ቢያረጅ። አይ፣ አዲሱ ራሱ ያስባል አሉ ጋሼ።

ምኑን ነው የሚያስበው? ማሽን ግራጫ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀለም ያርፋል፣ ወይም አያርፍም። ፊት ነው ብለን የምናየው ሁሉ ትንንሽና ትልልቅ ነጥብ ነው። ነጥቡ ደግሞ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ያብጣል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ አስቀድሞ መቀነስ ነው። ምን ያህል? ያንን የማውቀው እኔ ነኝ። የባሌ ማሽን ቀለም ይወዳል፣ ባሌም ይወዳል። እያንዳንዱን ፎቶ በእጄ ፈካ አድርጌ ነው የማሳልፍለት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሶፍትዌሩ ጋር ባለሙያም ትመጣለች አሉ። ትመጣለች...? ትምጣ እንግዲህ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ። ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል መለኪያ አወጣች፤ ቀለም ላይ ስታሳርፋት ቁጥር ታወጣለች። ወረቀቱን ለካች፣ ፕሌቱን ለካች፣ የመብራቱን ብርሃን ሳይቀር ለካች። የቀረኋት እኔ ነኝ። ወይዘሪት ልኬት ብያታለሁ፣ በሆዴ።

"እትዬ፣ በዚህ በኩል ላልፍ ነው፣ ይቅርታ።"

እትዬ! በስንት ብበልጣት ነው? መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት አየሁ። ሽበት አለ። አንድ... እሺ፣ ሁለት። ሁለት ሽበት እትዬ ያሰኛል?

ረቡዕ፣ ጥር 13

ባለቤቴ ጺሙን ተላጨ። ረቡዕ ቀን። እሱ የሚላጨው እሑድ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 15

የሙከራ ወረቀት አተሙ። ፎቶ የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ ከላይ እስከ ታች አራት ማዕዘን ቀለም ብቻ። እኔ በመስኮቷ አያለሁ። ማሽኑ ስለሚጮህ ጆሮው ሥር ሆና ነው የምታወራው። ጆሮው ሥር! እሱ ራሱን ይነቀንቃል። መለኪያዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቁጥሩን አሳየችው። አየና ሳቀ። ማሽን ላይ ቆሞ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ማሽን ላይ የሆነ እንደሆነ ፊቱ የዝናብ ደመና ነው።

ደግሞ "አንተ" ትለዋለች። እኔ እትዬ፣ እሱ አንተ። እቤት ስንገባ እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩለት።

"አንቱ ስትለኝ፣ ኧረ አታስረጂኝ አልኳት" አለ።

"እኔስ? እኔ ላርጅ?"

"ምን ሆነሻል ዛሬ?"

"ምን አሳቀህ ቆይ? ማሽኑ ጋ።"

"ምንም" አለ።

በምንም የሚሳቅ ሳቅ አለ? እርር ድብን አልኩ። ያጠብኩትን ሳህን ደግሜ አጠብኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ምሳውን እዚያው ማሽኑ ጋ በላ። ከእሷ ጋር። የቋጠርኩለትን ዳቦ በእንቁላል ለሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጣት። የጠበስኩት እንቁላል!

ቅናት ነው አይደል? አዎ፣ ቅናት ነው። እዚህ ላይ ብዋሽ ማንን ላታልል? ግን በምንድን ነው የቀናሁት? ባሌን ትወስዳለች ብዬ ነው ወይስ ሥራዬን? ቁጭ ብዬ ልለይ ሞከርኩ፣ አልለይ አለኝ። ሰውዬውን የማውቀው በሥራው ነው። ቅር ሲለው ጥቁሩ ይከብዳል። ደስ ሲለው ቢጫው ይጠራል። በዓለም ላይ ይሄን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ። አሁን አንዷ ቀጭን በመለኪያ ታንብበው?

ባልደረቦቼ ምን እያሉ ይሆን? የሒሳብ ሠራተኛዋ ዛሬ "አዲሷ ልጅ ታታሪ ናት፣ ከማሽኑ አትጠፋም" አለችኝ። ፈገግ ብላ። ያ ፈገግታ ምንድነው?

እሑድ፣ ጥር 24

ቀኑን ሙሉ ስለ ቀለም አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጀመርኩም። ልጃችን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየች "ተጣላችሁ እንዴ?" አለች። አልተጣላንም። ያስፈራኝም ይሄው አለመጣላታችን ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ትልቅ ሥራ ገባ። የትምህርት ቤት መጽሔት፣ ከዳር እስከ ዳር የተማሪ ፊት። በአዲሱ ሶፍትዌር የሚወጣ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ጋሼ ለሰው ሁሉ አውርተውታል።

ወይዘሪት ልኬት ወንበሯን ስባ መጣች።

"እትዬ፣ ፎቶዎቹን ቆራርጠሽ፣ ጠባሳና አቧራቸውን አጽድተሽ ታሳልፊልኛለሽ። ብርሃናቸውን ግን እንዳትነኪብኝ፣ አደራ። ቅነሳውን ሶፍትዌሩ ራሱ ያደርገዋል።"

"እሺ" አልኩ።

እሺ ብዬ ነካሁት። አንድ ሳላስቀር ሁሉንም ፊት ፈካ ፈካ አደረግኩ። ተንኮል ነው? አይደለም... አይደለም መሰለኝ። እሷ ማሽኑን ለክታው ይሆናል፤ ሰውዬውን ግን አታውቀውም። ቀለሙን ይጭናል፣ ልጆቹ ይጠቁራሉ። ግን አይጠቁሩም፣ እኔ አለሁላቸው። መጽሔቱ አምሮ ሲወጣ ማን እንዳሳመረው እኔ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ደስ እያለኝ ነው የሠራሁት። የማያምር ደስታ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ጉድ ፈላ።

ርዕሰ መምህርቷ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች አይታ ልታጸድቅ መጥታለች፣ ጋሼ ከጎኗ በኩራት ቆመዋል። ማሽኑ ተነሳ። ባሌ አንድ ወረቀት መዞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከመስኮቷ ሆኜ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ተሯሩጬ ሄድኩ።

የልጆቹ ፊት ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ዓይንና ቅንድብ ብቻ። ርዕሰ መምህርቷ አየች፣ አየችና፣

"ልጆቼን አሟቸዋል እንዴ?" አለች።

ጋሼ ወይዘሪት ልኬት ላይ ጮኹባት። ለዚህ ነው የገዛሁት? ለዚህ ነው ያስመጣሁሽ? እንግዳ ፊት! ልጅቷ መለኪያዋን ይዛ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። እኔ? እሰይ የምል መስሎኝ ነበር። አላልኩም። 

ባሌ አጉሊ መነጽሩን አንዱ ፊት ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቆየ። ቀና ሲል ያየው ጋሼን አይደለም፣ እሷንም አይደለም። እኔን ነው።

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀለሙን አሳንሼ ነው።"

 ጋሼ እዚያው፣ እንግዳዋ ፊት፣ ከሰኞ ጀምሮ አሮጌው ማሽን ላይ እንዲሆን አዘዙ። ባለ አንድ ቀለሙ ላይ፣ ደረሰኝ የሚታተምበት። እሱን! ትልቁን ማሽን ሲገባ በገዛ እጁ የገጣጠመውን ሰው!

 እኔ ግን ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ጥር 29

ትናንት ማታ ነው። በር ላይ ጫማውን እየፈታ፣

"ነክተሻቸዋል።"

"ምኖቹን?"

"እጅሽን የማላውቀው መሰለሽ? ጉንጭ ላይ ትሳሻለሽ፣ ግንባር ላይ ትጨክኛለሽ። ነጥቡን እንዳየሁ ነው ያወቅኩት።"

 ሰው ሲያፍር መቆጣት ይቀለዋል። ተቆጣሁ።

"አንተ ቀለም ስለምትጭን ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ትጭናለህ!"

"እኔ የምጭነው አንቺ ቀንሰሽ ስለምትልኪልኝ ነው!"

ሁለታችንም ክው አልን። አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ከጫማ ውጭ።

"ማን ነው የጀመረው?" አለ ቆይቶ።

አላውቅም። እሱም አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ የተበላሸ ሥራ ገጥሞን ይሆናል፣ ወይ የእኔ ፈዞ ወይ የእሱ ጠቁሮ... ከዚያ እሱ የእኔን ሲያስተካክል፣ እኔ የእሱን ሳስተካክል። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን አልተጠያየቅንም። የምንከራከረው ስለ ቀይ ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጠ። የሙከራው ወረቀት ላይ ነው የወጣው አለኝ። ቀለምህ ከሚገባው በላይ ነው ብላ ቁጥሩን አሳየችው። የሳቀው ከእፍረት ነው። ምሳ ሰዓት ላይም የምታሳየው እንዴት እንደሚቀንስ ነበር። "አንቺ ላይ ስንት ዓመት ስኮፈስብሽ ኖሬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?" አለ።

ስለዚህ ፊቶቹን እኔ ቀንሻለሁ፣ ሶፍትዌሩ ቀንሷል፣ እሱም ቀለሙን ቀንሷል። ሦስታችን ተባብረን ልጆቹን አጠፋናቸው።

"ረቡዕስ ለምን ተላጨህ?"

"ምን?"

"ጥር አሥራ ሦስት። ረቡዕ ነበር።"

አየኝ፣ አየኝ። "አሳክኮኝ" አለ።

አሳክኮት!

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ለጋሼ ሄጄ ነገርኳቸው። እንዳትነኪ ተብዬ ነክቻለሁ፣ እሱ ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው አልኩ። 

"ለምን ነካሽ?"

"ለምዶብኝ" አልኩ። ግማሽ እውነት። ሌላውን ግማሽ ለጋሼ የምነግርበት አንደበት የለኝም።

"ባልና ሚስት አንድ ጣሪያ ሥር የቀጠርኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው!" ብለው ጮኹ። ትልቁ ማሽን ተመለሰለት። ለእኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ። ካሁን በኋላ እሷ ሳታየው አንድም ፎቶ ከእጄ አይወጣም። እሷ ሳታየው! ዋጥኩት። መራራ ነው፣ ግን የሥራዬ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

መጽሔቱ እንደ አዲስ ታትሞ ወጣ። ልጆቹ ደም ገባባቸው። ርዕሰ መምህርቷ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች አየች፣ አንዱ ጋ ስትደርስ "ይሄ ረባሽ፣ እዚህም ይረብሻል" ብላ ሳቀች።

ከሰዓት ወይዘሪት ልኬት ሶፍትዌሩን ስታሳየኝ ዋለች። ታስረዳለች፣ እውነቱን ለመናገር። ማሽኑ ቆሞ ፀጥ ሲል እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው አነሳች።

"እትዬ፣ ያን ዕለት እኔም አውቄ ነበር።"

"ምኑን?"

"ፎቶዎቹ አስቀድመው እንደተቀነሱ። ለካሁት፣ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። የእኔ ነው አለ። ዝም አልኩ።"

"ለምን? የተሰደብሽው እኮ አንቺ ነሽ።"

መነጽሯን አውርዳ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ሳታየኝ ነው የተናገረችው።

"ቀናሁብሽ። በስንት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሰው ፊት ቆሞ የእኔን ጥፋት የእኔ ነው ያለልኝ ሰው የለም።"

በእኔ ቀናች። በእኔ! በእትዬ! ስንት ቀን ቆሽቴ ሲያር የከረመው...።  አይዞሽ ማለት አይሆንም፣ አመሰግናለሁም አይሆን። "ሻይ ላምጣልሽ?" አልኳት። 

እቤት ገብቼ ለእሱ አልነገርኩትም። ብነግረው ሳምንት ሙሉ ይኩራራብኛል። ደግሞ የእኔ ብቻ የሆነ ነገር ይኑረኝ። እራት ላይ ሳይታሰብ "ጎበዝ ልጅ ናት እኮ" አለ። ልቤን ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ። ቅናቱ የትም አልሄደም፣ እዚሁ አለ። "ናት" አልኩት፣ ወጥ ጨመርኩለት፣ እኔም ጠግቤ በላሁ።