ዝምታው የተሸለመ ክፍል

ለተከበሩ ሚስተር ሩፐርት ፌዘርስቶን፣ የባሕር ዳርዋ ከተማችን ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በተለይም ጆሮዎ እንደምን ከርሟል? እኔ በአረጋውያን ክፍልዎ የማገለግል ጊሊያን ራምስደን የምባል ነርስ ስሆን፣ ብቻዬን ከመሆኔ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለከተማው ጋዜጣ የሰጠሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። በየኮሪደሩ ያሰቀሉት፣ ትልቅ ጆሮ የተሳለበት ማስታወቂያ «ያሳሰባችሁን ተናገሩ፤ ማንም አይነካችሁም» ስለሚል፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ውለታ ለብቻዬ ይዤ መቅረቱ ንፉግነት ስለመሰለኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብልዎ ወደድኩ።

አንደኛ፦ ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። ባለፈው መከር ክፍላችን ከሆስፒታሉ ሁሉ ጸጥተኛው ተብሎ ሲሸለም እርስዎ ራስዎ መጥተው ከክፍላችን ኃላፊ ከሲስተር ጄኒስ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ጸጥታው ከወዴት እንደመጣ ለመጠየቅ ግን ጊዜ አላገኙም። የመጣው ከደወሉ ነው። ሕመምተኛ ሰው ሲፈልግ የሚጫነው የመጥሪያ ደወል ለውድድሩ ሲባል ድምፁ ተቀንሶ፣ ከአጠገቡ ካልቆሙ በቀር የማይሰማ ሆኗል። ውድድሩ ካለፈ በኋላም የመለሰው የለም። ሕመምተኞቹ ዛሬም ይጠራሉ፤ መስማት የተውነው እኛ ነን።

ሚስተር ዊልፍ ኦልድሮይድ ዕድሜያቸውን በአሣ አጥማጅ መርከብ ላይ የጨረሱ፣ ከማዕበል በላይ ሲጮሁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽንት ቤት የሚያደርሳቸው ሰው ፈልገው ደወሉን ቢጫኑ፣ ደግመው ቢጫኑ የሚመጣ ጠፋ። በኋላ ራሳቸው ተነሡና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ወለሉ ላይ ሳገኛቸው ያሉኝን፣ ሴት ልጃቸው ስለፈቀደችልኝ፣ እንዳለ እጽፍልዎታለሁ፦ «ይቅርታ የኔ ልጅ፤ ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል፣ ላላስቸግራችሁ ብዬ እኮ ነው።» እሳቸው እኛን ይቅርታ ጠየቁን። ከዚያ ቀን ወዲህ በእግራቸው አልሄዱም።

ሁለተኛ፦ የሠራተኛውን ስጋት በምስጢር የምትሰማ «የድምፅ ጠባቂ» ስለሾሙልን አመሰግናለሁ። ቢሮዋ ወደ ምግብ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ ለግልጽነት ሲባል መሆኑ በሩ ላይ ተጽፏል። ስለ ሚስተር ኦልድሮይድ እያለቀስኩ ስነግራት፣ አሣና ድንች ጥብሱን ይዞ የሚመለስ ሁሉ አየኝ፤ ዕለቱም የምግብ ቤቱ የአሣ ቀን፣ ዓርብ ነበርና አሣ ያልገዛ ሠራተኛ አልነበረም። ወይዘሪቷን ግን አልወቅስም። እንደ ሹመቷ ድምፄን ጠብቃዋለች፤ እንደ እስረኛ ጠብቃው እስካሁን ከቢሮዋ አልወጣም።

ሦስተኛ፦ ማንም እንደማይነካኝ የገቡልኝ ቃል በትክክል ተፈጽሟል። ማንም አልነካኝም። ቀና ብሎ ያየኝም የለም። በእኛ ክፍል ሻይ የሚያፈላ ሰው ውሃውን ከመጣዱ በፊት «ማነው የሚጠጣ?» እያለ ሁሉንም መጠየቅ አለበት፤ ይህን ያላደረገ እንኳን ለነርስነት ለጉርብትናም አይሆንም እንባባል ነበር። አሁን ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ይሞታል። ሲስተር ጄኒስ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «ጊሊያን፣ አንቺን የጠላ ሰው የለም እኮ፤ ሽልማቱ ግን የሁላችንም ነው። መጀመሪያ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ነግሬያት ነበር። ያን ጊዜ «እስቲ መጀመሪያ ሽልማቱ ይለፍልን» ነው ያለችኝ።

ሁሉንም እችለው ነበር፤ ሎሬይን ባትኖርበት። እኔና ሎሬይን እዚሁ ክፍል አብረን አርጅተናል፤ ልጆቿንም ተጋግዘን ነው ያሳደግነው። በቀደም ዕለት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ዝናብ አንድ ጥላ ሥር ሲያስገባን፣ ግራ ቀኙን አየችና «ልክ ነሽ እኮ፤ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ጡረታ ልወጣ ነው፣ አሁን ምን ውስጥ ልግባ? ይቅር በይኝ የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ወዲያው ሌሎቹ ሲመጡ ስልኳ ውስጥ ገባች። አውቶቡሱ ሲመጣም፣ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ያን ሁሉ መንገድ ቆማ ሄደች። ባሌ በሞተ ሰሞን እንኳ እንዲህ ብቸኛ አልነበርኩም፤ ያኔ ሎሬይን ነበረችኝ።

አራተኛ፦ ስለ ሥልጠናው። ስለ ደወሉ መልስ ስጠብቅ «ጭንቀትን የመቋቋም» ሥልጠና ተላከልኝ፤ አንድ መልካም ጠባይ ያለው ጎልማሳም ዓይኔን አስጨፍኖ አተነፋፈስ አስተማረኝ። የትምህርቱ ጥበብ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በሥርዓት የምትተነፍስ ሴት ትንፍሽ አትልም።

አምስተኛም፣ ስድስተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝና ተውኩት። «ዝም አይነቅዝም» የሚሉ ሰዎች እኛ ክፍል ተኝተው አያውቁም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደወሉን ድምፅ ያስመልሱልን። እኔን ለጊዜው ይርሱኝ። ነገር ግን ነገ ሌላ ጥፋት የሚያይ ነርስ ቢኖር፣ እኔን ያየኛል፤ ካየኝ ደግሞ አፉን ይይዛል። ያን ጊዜ በጸጥታ የሚወዳደረን ክፍል አይገኝም።

ረጅም ዕድሜና የተከፈተ ጆሮ እየተመኘሁ፣ እንደ ደወላችን ከአጠገቤ ካልቆሙ በማይሰማ ድምፅ እጅ እነሣለሁ፤

ማንም ያልነካት ታዛዥዎ፣
ነርስ ጊሊያን ራምስደን

ማሳሰቢያ፦ እናትዎ ሰሞኑን እኛ ክፍል ተኝተው ነበር። ስለ እሳቸው እንድጽፍ ስጠይቃቸው «ጻፊው፤ ሩፐርት ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ፊት ካልተቆጡት አይሰማም» ብለው ፈቅደውልኛል። በገቡ ማግስት ከቢሮዎ ተደውሎ ወደ ሌላ ክፍል እንዲዛወሩ ታዘዘ፤ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ምን አጥፍተን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ጸሐፊዎ ማን መሆኔን ሳታውቅ «ኧረ ምንም፤ አለቃዬ እዚያ ደወሉ አይሰማም ብለው ነው» አለችኝ። በአልጋቸው ላይ አሁን የሌላ ሰው እናት ተኝተዋል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ወር ለግድግዳ የምናገር ነበር የመሰለኝ። ለካ ሰምተውኛል።