ቀስ ስትል የምትሞቅ መኪና

የካቲት 9

ቅዳሜ። መጣ። መኪናዋን ግቢ አስገብቶ ኮፈኑን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ብዬው ነበር... ያን አፈ ጠባብ ፓራውልት፣ የፊት መከላከያውን፣ መርጦ ያስገጠመው ለመልኳ ብሎ ነው። የስፖርት መኪና መሬት ልትነካ ስትደርስ ነው የሚያምርባት ይላል። አምራለች፣ አልዋሽም። ግን አፏ ጠቦ ራዲያተሩ ንፋስ አጣ። የጋራዡ ባለቤት ጋሽዬ አይቶ ሳቀና ለባለሙያዋ ስጣት አለው። ባለሙያዋ እኔ ነኝ፣ ባትላሜራዋ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጯ።

ደስ አለኝ። ለራሴ እየጻፍኩ ምን ያስዋሸኛል? ሥራው ከበዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።

የካቲት 16

አፏን አሰፋሁላት። ምንም ለውጥ የለም። ሞኝ! ንፋሱማ ይገባል... ግን በራዲያተሩ መሐል ማለፍ ይከብደውና በጎንና በላይ ባለው ክፍተት ሾልኮ ይሄዳል። ቀላሉን መንገድ ማን ይጠላል?

የካቲት 23

ክፍተቱን ሁሉ በላሜራ ዘጋሁ፣ ዳር ዳሩን ጎማ አለበስኩት። የገባው ንፋስ መውጫ ስለሚፈልግ ኮፈኑን መቅደድ ሊኖርብን ነው። የቱ ጋ? ቁርጥራጭ ክር ኮፈኑ ላይ ለጣጥፈን መንገድ ወጣን፤ እሱ ሲነዳ እኔ ክሮቹን ሳይ። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ልጥፍ ብሎ ይተኛል። ከፊት በኩል፣ ልጥፍ ያሉበት ላይ ምልክት አደረግን፤ የውስጡን ንፋስ ስቦ የሚያወጣው እዚያ ነው።

"ካንቺ በቀር መኪናዬን የሚያውቃት የለም" አለኝ። መኪናዬን ነው ያለው። እኔ ግን ማታ ቤት ስገባ እያንጎራጎርኩ ነበር። እናቴ አየችኝና የሰው ወርቅ አያደምቅ አለች። ማን ነገራት?

መጋቢት 7

ኮፈኑን ቀደድኩት። ፈጥነን ብንሄድ፣ ዳገት ብንወጣ፣ የሙቀት ጌጁ መሐል ላይ ቀጥ። አቀፈኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ስትሄድስ አለኝ። አንተ ደግሞ መቼ ቀስ ብለህ ታውቃለህ ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"ለሠርጌ ነው። ከፊት ካሜራ፣ ከኋላ አጃቢ... በእርምጃ ነው የምንሄደው። ሙሽራዬን አጠገቤ አስቀምጬ እንዳትፈላብኝ፣ እቱ።"

ሙሽራዬ። እቱ። የቱ ይበልጥ እንዳመመኝ እንጃ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። መፍቻ የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

መጋቢት 8

አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ውሸት አይደለም።

መጋቢት 14

ቀስ ስትል ንፋስ የለም፤ እስከዛሬ የሠራሁት ሁሉ ዋጋ የለውም። ያኔ ንፋሱን የሚስበው ፋኑ ብቻ ነው፣ እሱም ደክሟል። ጠንካራ ፋን መግጠም፣ ዙሪያውን በላሜራ መሸፈን... የግማሽ ቀን ሥራ።

ባልሠራውስ? ሠርቻለሁ ብለውስ? መንገድ መሐል ትፈላለች፣ ቬሎዋ በእንፋሎት... ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ደስም አለኝ። ከዚያ እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ግራ ገብቶት ሲቆም ታየኝ። አንጀቴ አልቻለም።

ሠራሁት። ላሜራ እንደዚህ ተጠንቅቄ ቀጥቅጬ አላውቅም። ጋሽዬ ለማን ብለሽ ነው እንዲህ የምትጨነቂው አለኝ። ለመኪናዋ አልኩት።

ሚያዝያ 5

ሙሽሮቹ በጋራዡ በር አለፉ። ጥሩምባው ሌላ ነው። ሁሉም ሊያይ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። ሙሽራዋ ቆንጆ ናት። ፊቷም ደግ ነው... ክፉ ብትመስል ይቀለኝ ነበር። እሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አውራ ጣቱን አሳየኝ። በእርምጃ ነበር የሚሄዱት። ቅንጣት እንፋሎት የለም።

ከዓይኔ እስኪጠፉ ቆምኩ። እወደው ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ሚያዝያ 12

ደወለ። የሚመጣው ቅዳሜ ፍሬኗን እንዳይለት ከባለቤቱ ጋር ብቅ ሊል ነው። እሺ አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

ስልኩን ዘግቼ ጋሽዬ ዘንድ ሄድኩ። ያቺን መኪና ከአሁን በኋላ ለሌላ ሰው ስጥልኝ አልኩት። ምነው ካለኝ ብዬ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

"ሥራ በዝቶባታል እለዋለሁ" አለኝ። "እስኪተወው ድረስ፣ በመጣ ቁጥር እለዋለሁ፣ ልጄ።"

ለካ ያውቅ ነበር። እዚያው ፊቱ ቆሜ አለቀስኩ።