ዳኘ ለጅብ የጣለው ፈረስ

ልጄ ቤቴል፣ እኛን የጠበቀ ጌታ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ምግብ አትዝለዪ። ግቢያችን የተጠለሉት እንስሳት አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ ድርቆሽ መሸከም ወገቤን ቢጎዳውም አልተውኳቸውም።

ጋሪ ነጂው ዳኘ፣ ፈረሱ እግሩ ቢቆስልበት፣ ወደ ሞርሲቶ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ለጅብ ጥሎት ሄዶ ነበር። እኔ አምጥቼ አራት ወር ቁስሉን እያጠብኩ አዳንኩት። ማክሰኞ ዳኘ መጥቶ፣ "የቤቴል እናት፣ ፈረሴን ልውሰድ" አለኝ። ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ፣ "ጥራው፤ ከመጣልህ ያንተ ነው" አልኩት። ፈረሱ ድምፁን ሲሰማ እየተንቀጠቀጠ ከኋላዬ ተደበቀ። ዳኘ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ የእኔ ልብ ቅቤ ጠጣ።

ፓስተራችን "ይቅር በይው" ቢለኝ፣ "መጀመሪያ ፈረሱ ይቅር ይበለው" አልኩት።

ልጄ፣ ለፈረሱ እግር ጸልዪልኝ፤ ለእኔ ልብ ግን ገና አትቸኩዪ። ተባረኪ።

እናትሽ ሰሎሜ፣ ከሆሳዕና