ካልኩለስ ቤት አይገባም

ለአባዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እማዬን በስልክ ስጠይቃት «አባትህ ደህና ነው» ትለኛለች፤ ግን እሷ ስለ አንተ ስትጠየቅ ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ ከልጆቿ ለይታ አታየኝም፤ እንዲያውም ትልቁ ቁራጭ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚወጣው። ልጇ ይህን አይታ «ሐዘንተኛ መሆን እንዲህ የሚያጠግብ ከሆነ እኔም ልዘን» ብላ ቀለደችና ለጥቂት ከጥፊ ተረፈች። እኔ ቀልዱን ወድጄላታለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ።

ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ አጥሩን ተደግፈህ ቆመህ አየሁህ። ከስተሃል። ልስምህ ስጠጋ ከቦርሳህ ወረቀት አውጥተህ ሰጠኸኝ፤ «አንብበውና ሐሳብህን ንገረኝ» አልክ፤ ወዲያው ወደ መኪናው ገባህ። ይኸው ሐሳቤን ልጽፍልህ ነው።

የዚህ መንፈቅ ዓመት የኮርስ መመሪያህ ነው። የድሮውን እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። ወንድሜ መኝታ ቤታችን ውስጥ አሮጌ መነጽርህን አድርጎ፣ ድምፅህን ቆርጦ ቀጥሎ፣ እንደ አዋጅ ያነብልኝ ነበር። «ትምህርት በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ በሩ ይዘጋል! አሳይመንት የሚሰበሰበው ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ረሳሁት፣ ውሃ ፈሰሰበት አይሠራም! ካልኩሌተር አይገባም! ውጤት በልመና አይጨመርም!» ውሃ ፈሰሰበት የምትለዋን እሱ ራሱ ነው የጨመራት። ተማሪዎችህ «ዶክተር አምስት ደቂቃ» እንደሚሉህ ታውቃለህ? እሱ ነበር የነገረኝ፤ እየሳቀ፣ ደግሞም እየኮራ። መጨረሻ ላይ ጣቱን ቀስሮ የሚያነባት ይህቺ ነበረች፦ «የሚድ ፈተና ያመለጠው ተማሪ የሐኪም ማስረጃ ካላቀረበ ዜሮ ያገኛል።»

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ሕግ ደግሞ ነበር። ወንድሜ አንተ የምታስተምርበት ክፍል የተመደበ ቀን እራት ላይ ማንኪያህን አስቀምጠህ ያወጣኸው። «ካልኩለስ ቤት አይገባም» አልክ። እዚህ አባትህ ነኝ፣ እዚያ መምህርህ ነኝ፤ ኮርሱን የሚመለከት ነገር ካለህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ትመጣለህ፣ እንደ ማንም ትሰለፋለህ አልከው። እማዬ «ታዲያ እኔስ ወጡ ጨው አነሰው ለማለት ቢሮ ልምጣ?» አለችህ። ሁላችንም ሳቅን። አንተም ሳቅህ። መሳቃችንን እንዳልረሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

እሱ ሕጉን ከአንተ በላይ ነበር የሚያከብረው። ክፍል ውስጥ «የዶክተሩ ልጅ እኮ ነው፣ ጥያቄውን ከቁርስ ጋር በልቶት ነው የሚመጣው» ሲሉት ሰምቷል። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ስትተላለፉ እንደ ባዳ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር» ብሎህ ያልፍ ነበር። ቤት ደግሞ ደብተሩን ሳሎን ውስጥ ገልጦ አያውቅም። አልጋው ላይ ተጋድሞ ነበር የሚያጠናው።

የሚዱ ሳምንት እሑድ ራሱን ማመም ጀመረው። ሰኞ ጠዋት ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ማጅራቱን በእጁ ይዞ ቁርስ ሲበላ አይተኸዋል። እማዬ ምን ሆንክ ብትለው እንቅልፍ ነው አላት። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ለምን ለአባዬ አትነግረውም አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሚዱ ሐሙስ ነው። አሁን አመመኝ ካልኩ የሚዱን ነገር ማንሳቴ ነው። እሱ ደግሞ ቤት አይገባም።» እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ራስ ምታቱ የኮርሱ ጉዳይ ሆኖ ቀረ፤ ማክሰኞን መጠበቅ ነበረበት።

ማክሰኞ ቢሮህ በር ላይ ተሰለፈ። የሆነውን ማታ ነገረኝ። ከፊቱ ግማሽ ማርክ ጎደለብኝ የሚል ልጅ ነበረ አለ፤ ከኋላው ደግሞ አንዲት ልጅ። ተራው ሲደርስ «ዶክተር፣ ራሴን በጣም እያመመኝ ነው፤ ሐሙስ መፈተን የምችል አይመስለኝም» አለህ። መነጽርህን አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክ፤ ትንሽ አየኸው። ከዚያ ማስረጃ አለህ ወይ አልከው። የለኝም አለ። መመሪያው ምን ይላል አልከው። በቃሉ ወጣው። «እንግዲያው ታውቀዋለህ» አልከው።

በሩ ክፍት ነበር፤ ሰልፉ ላይ ያሉት ይሰሙ ነበር። ይገባኛል አባዬ። እኔ ያንን በር በሐሳቤ ስንት ጊዜ ዘግቼዋለሁ። ከዘጋሁት በኋላ አንተ ከወንበርህ ትነሳና እጅህን ግንባሩ ላይ ታደርጋለህ።

ከቢሮህ ወጥቶ የግቢው ክሊኒክ ሄደ። ነርሷ ሙቀቱን ለካችው፤ ትኩሳት የለህም አለችው፤ በፈተና ሳምንት የማን ራስ የማያም አለ፣ ለሁሉም ወረቀት ብንጽፍ ደንም ያልቃል ብላ ቀለደችበት፤ ማስታገሻ ሰጥታ ሸኘችው። ይህን ሲነግረኝ ተናደድኩ። እሱ ግን ለአንተ ተከራከረ። «ለእኔ ቢፈቅድልኝ ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ምን ትል ነበር? ልክ ነው ያደረገው» አለኝ።

ሐሙስ ተፈተነ። ወረቀቱን በእጅህ ሰጠኸው። ሰዓቱ እስኪያልቅ ጻፈ።

ቅዳሜን አልጽፍልህም። መታጠቢያ ቤቱን በር የሰበርከው አንተ ነህ፤ ጫማ ሳታደርግ በካልሲህ ተሸክመኸው የወጣኸው አንተ ነህ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የደም ሥር ለቀናት ሲያፈስ ነበር አለ፤ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ» ብሎ ጀመረና የእማዬን ፊት ሲያይ አቆመ። ያቆመው ዓረፍተ ነገር እኔ ዘንድ ነው ያለው። እየጨረስኩት እውላለሁ።

በተቀበረ በሳምንቱ ክፍል ገባህ። ባልደረቦችህ እኛ እንሸፍንልህ ቢሉህ በመመሪያዬ የሚቀር ክፍለ ጊዜ የለም አልካቸው አሉ። በአምስተኛው ደቂቃም በሩን ዘጋህ። የነገረችኝ ያቺ ሰልፉ ላይ ከኋላው የቆመችው ልጅ ናት፤ ልታጽናናን ቤት መጥታ። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ፤ እኔ ከእሱ በኋላ እገባ ነበር፣ ተራዬን ብለቅ ኖሮ ምን ነበር ትላለች፤ ምን እንደሚለወጥ እንጃላት። በዚያው ቀን ልብሴን ሰብስቤ አክስቴ ቤት መጣሁ። ለእማዬ ለትምህርት ቤት ይቀርበኛል ያልኳት ውሸት ነው።

አሁን አዲሱ ወረቀትህ ምን ይላል? «አመመኝ ያለ ተማሪ ታሟል። ማስረጃ አይጠየቅም።» ይላል። በሩም አይዘጋም። ዘግይቶ የመጣ በኋላ በር በጸጥታ ይግባ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐሳብህን ንገረኝ ብለሃልና፣ አጻጻፉ ጥሩ ነው። ተማሪዎችህ ይመርቁሃል። በፈተና ሳምንት ግማሹ ክፍል እንደሚታመም አንተም ታውቃለህ፤ ያለ ወረቀት ሁሉንም ታምናለህ። ውሸታሙን ሁሉ ታምናለህ። በሕይወቱ ዋሽቶህ የማያውቀውን ልጅ ነው ማስረጃ የጠየቅከው። እኔ የትምህርት ክፍልህ ኃላፊ አይደለሁም አባዬ፤ መመሪያ አላጸድቅም። ባዶ እጅህን መጥተህ አጥሩ ሥር ብታለቅስ ኖሮ አብሬህ መኪናው ውስጥ እገባ ነበር።

ሌላው ነገር፤ አክስቴ ወንድሜን ወደወሰድክበት ሆስፒታል ወስዳኝ ነበር። እንዲህ ያለው የደም ሥር ችግር በወንድማማች ላይ ሊኖር ይችላል ስለተባለ ለጥንቃቄ ነው እንጂ አሞኝ አይደለም። ራሴን ቢያመኝም አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ብቻ። ጭንቅላቴን በማሽን አንስተውኛል። ለእማዬ አልነገርናትም፤ አንተም እንዳትነግራት። ውጤቱን የሚነግሩኝ በመጪው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሐኪሙ ከወላጅ ጋር ና አለኝ። አክስቴ እኔ አለሁ ብትለው፣ አይ፣ እናት ወይም አባት መሆን አለበት አላት።

መመሪያህ መጨረሻ ላይ ያለውን የፈተና ሰንጠረዥ አይቻለሁ። ረቡዕ ሦስት ሰዓት የመጀመሪያው ፈተናህ ነው። ፈታኙ መምህሩ ራሱ ነው ይላል፤ ይህቺን አልቀየርካትም። ከፈተናው እንድትቀር አልለምንህም። ቀኑን ላሳውቅህ ብዬ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ። ጠዋት ጠዋት ስለሚጨናነቅ ወንበር አይገኝም። እኔ ቀድሜ እደርስና አንዱ ላይ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ፤ ሰው ተይዟል ወይ ሲለኝ አዎ እላለሁ።

እማዬን ሳምልኝ። እግዜር ለእሷ መጽናናቱን፣ ለአንተ እንቅልፉን ይስጥልኝ።

የቀረው ልጅህ