ማሽኑ ያላወቀው ጣት

ረቡዕ

የግራ እጄ የቀለበት ጣት ዛሬም አያ ደሴን ሆነ። ላቦራቶሪው ውስጥ ባለው የአሻራ ማሽን ላይ ሳሳርፈው አረንጓዴው መብራት በራ፤ ስማቸው በኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ዓርብ ጥናቴን በማቀርብበት የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ይህንኑ በሰው ፊት አሳያለሁ።

አያ ደሴ የወላጆቼ ጎረቤት ናቸው፤ ከመካነ ብርሃን የመጡት እዚሁ ከተማ ቁስቋም ሰፈር የምትኖረውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱና ድንጋይ ሲፈልጡ የጣታቸው መስመር ተሟጥጦ አልቋል። የሚቆጥቡበት ማኅበር የአሻራ ማሽን ሲያስገባ፣ ማሽኑ እሳቸውንና መሰሎቻቸውን አላውቅም አለ። ሠራተኛው አዘነላቸውና ጥብቅነቱን ዝቅ አደረገው። በደግነት የላላ ማሽን ግን ለሌላ ሰውም ይከፍታል፤ ጥናቴ ይኸው ነው። ለማኅበሩ አስቀድሜ አሳውቄአለሁ፤ በጉባኤው ስሙን አልጠራም። የማሳየውም የአያ ደሴን አሻራ በፈቃዳቸው በመዘገብሁበት በራሳችን ማሽን ነው።

«ምነው፣ የእኔ ጣት ካንቺ እጅ ላይ በቀለሳ!» ብለው ሳቁ አያ ደሴ አረንጓዴውን አይተው።

ሐሙስ

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ሰዎቹ አይተው «እንግዲያው ጥብቅነቱን ከፍ ማድረግ ነው» ቢሉስ? ያን ጊዜ ሌባው ብቻ ሳይሆን ባለገንዘቡም ውጭ ይቀራል። ሁለቱንም ማሳየት አለብኝ፦ ላልቶ ለእኔ ሲከፍት፣ ጠብቆ እሳቸውን ሲመልስ። አማካሪዬ ዶክተር ሰናይት «ሁለተኛው የማሽን ድክመት እንጂ የደኅንነት ጉዳይ አይደለም» አሉኝ። አልተስማማሁም። ሰው ከገዛ ገንዘቡ ከተከለከለ ምኑን ደኅንነት ሆነ?

የከበደኝ ግን፣ በሰው ፊት ይሞክሩልኝ ስላቸው አያ ደሴ የመለሱልኝ ነው። «ላንቺ ይክፈት፤ ግድ የለኝም። እኔን ግን በተማረ ሰው ፊት አላውቅህም እንዲለኝ አልፈልግም። ማኅበሩ ዘንድ የተሰለፈው ሁሉ የሳቀብኝ ይበቃኛል።»

እንደማላደርገው ቃል ገባሁላቸው። ትክክል ነው፤ ቢሆንም ከፋኝ።

ለነገ፦ ትርፍ ገመድ። የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ። ላፕቶፑን ቻርጅ ማድረግ።

ዓርብ

ገና ስጀምር መብራት ጠፋ። ሲመጣ ደግሞ እጄ በላብ ረጥቦ ነበርና ማሽኑ አልከፈተልኝም። ዶክተር ሰናይት ከፊት ረድፍ ሆነው በሹክሹክታ «የተቀዳው ቪዲዮ አለ» አሉኝ። በቀጥታ አሳያለሁ ብዬ የተቀዳ ላሳይ? ጣቴን ጠርጌ እንደገና አሳረፍሁ። አረንጓዴ። «አያ ደሴ» የሚለው ስም በግድግዳው ላይ ገዝፎ ወጣ፤ አዳራሹ አጨበጨበ።

ደስታዬ አልቆየም። የአካባቢውን የቁጠባ ማኅበራት የሚቆጣጠሩ አንድ ኃላፊ ተነሡ። የአያ ደሴም ማኅበር በእሳቸው ሥር ነው። «መፍትሔው ቀላል ነው። ሰኞ ጥብቅነቱን ከፍ አድርጉ ብዬ ለሁሉም ትእዛዝ አስተላልፋለሁ» አሉ። ብዙ አራሾች ከደጅ እንደሚመለሱ አስረዳሁ። «ታጥበው ይምጡዋ!» ሲሉ ሰው ሳቀ። ማስረጃዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ ቃል ገብቻለሁና አልጠራኋቸውም።

አያ ደሴ ተነሡ። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጥተው «ከፍ አርጊው» አሉኝ።

«አያ፣ ይቅር።»

«ከፍ አርጊው አልሁሽ! ታጥቤ ነው የመጣሁ።»

ከፍ አደረግሁት። አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ቀይ። ሌባ ጣታቸው፤ ቀይ። ሁሉንም በየተራ ሞከሩ። የሚስቅ አልነበረም። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩና «ሸጋ! ሌባው አልገባ፤ እኔም አልገባሁ። ብሩ ለማን ተቀመጠ?» አሏቸው።

በሻይ ዕረፍት ኃላፊው ፈልገው አገኙኝ። ከአሻራው ጋር ፎቶና መታወቂያ የሚታይበት አሠራር እስኪዘረጋ ትእዛዙን እንደሚያቆዩት ነገሩኝ። የቃል ነገር ነው፤ በጽሑፍ አልያዝሁም።

ቅዳሜ

አያ ደሴ ከመሳፈራቸው በፊት ላቦራቶሪ መጡ። አሻራቸውን እንደምሰርዝ ነግሬአቸው ነበርና ዓይናቸው እያየ ሰረዝሁት። አላመኑኝም። ጥብቅነቱን ወደ ዝቅተኛው መለስሁትና ጣታቸውን አሳረፉ፤ ቀይ። የእኔን የቀለበት ጣት ጎትተው አሳረፉ፤ ቀይ። አላውቅህም ሲላቸው ደስ ሲላቸው ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

የማኅበሩ ማሽን ግን አሁንም እንደ ላላ ነው። ለእሳቸው ይከፍታል፤ ለማን ለማን ጨምሮ እንደሚከፍት አላውቅም። ኃላፊው ቃላቸውን ስለ መጠበቃቸውም እንዲሁ። ሰኞ ቢሯቸው እሄዳለሁ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ማኪናው ሲነሣ አያ ደሴ በመስኮት ብቅ ብለው ጮኹ፦ «እስኪያስተካክሉት ያችን ጣት አደራ! የእኔም ናት!»

ተሳፋሪው ሁሉ እጄን አየ። ሳላስበው ከኪሴ ከተትኋት።